በሕግ ጥላ ሥር ለሞተ ሰው ተጠያቂ ይኑር

ርዕሰ አንቀጽ



የምርጫ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ መንገድ፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ንጹሕ ውሃ ነው። የእኛም ሰነድ በሚቀጥሉት ገጾች ስለነዚህ ሁሉ ይናገራል። ይህን ርዕሰ አንቀጽ ግን ከሁሉም ለሚቀድም አንድ ጉዳይ ለይተን ሰጥተነዋል። ጉዳዩም በእግሩ ሄዶ ፖሊስ ጣቢያ የገባ ሰው በእግሩ ሄዶ የመውጣቱ ጉዳይ ነው።

ሰው ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ እጁና እግሩ፣ እንቅልፉና ምግቡ በያዘው ክፍል እጅ ነው። ራሱን መከላከል አይችልም፤ ሮጦ ማምለጥ አይችልም፤ ሐኪም ፍለጋ መሄድም አይችልም። ስለዚህ በዚያ ቦታ በሕይወቱ ላይ የሚደርሰውን ሁሉ ማስረዳት ያለበት የያዘው አካል መሆኑ አከራካሪ ሊሆን አይገባም ነበር። በአገራችን ግን ለብዙ ዘመን የተሠራው በተቃራኒው ነው። ስንቅ ይዛ የሄደች እናት ስንቁ ሲመለስላት ነገሩ ይገባታል። ከዚያ በኋላ የሚሰጣት ምላሽ ከሦስት አይዘልም፦ ‹‹በድንገት ታሞ ነው››፣ ‹‹ራሱን አጥፍቶ ነው››፣ ‹‹ሊያመልጥ ሲል ነው››። አስከሬኑ ተሰጥቷት ትቀብራለች፤ ጉዳዩም ከአስከሬኑ ጋር ይቀበራል።

ፓርቲያችን ይህ ሥርዓት እንዲለወጥ ይታገላል። ለምን እንደሆነና በምን መንገድ እንደሆነ ከዚህ በታች እናስረዳለን።

ቁስል የማይተው ዱላ

በየትኛውም ዘመን የነበረ ገራፊ አንድ ችግር ነበረበት፤ ሥራው ምልክት ይተዋል። ደርግ በወፌ ላላ ያሠቃያቸው ሰዎች የውስጥ እግራቸው ተተልትሎ፣ እየተንከባለሉ ወደ ክፍላቸው ይመለሱ ነበር። ከዚያ መከራ የተረፉት ሰዎች ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ቀርበው ሲመሰክሩ ሰውነታቸው ራሱ ማስረጃ ነበር።

የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይህን የገራፊ ችግር የሚያቃልል ሆኖ ተገኝቷል። መሣሪያው በሁለት ዓይነት የሚከፈል ስለሆነ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው በእጅ ተይዞ በቀጥታ ሰውነት ላይ የሚለጠፍ የኤሌክትሪክ ዱላ ነው። ይህ መሣሪያ የሚሰጠው ሕመም ብቻ ነው። አዝራሩ በተጫነ ቁጥር ሕመሙ ይደጋገማል፤ የሚተወው ምልክትም ብዙውን ጊዜ ትንሽ ቀይ ነጥብ ስለሆነ በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ሁለተኛው ቴዘር በሚል ስም የታወቀው ነው። ከሩቅ ሁለት ሽቦ ያላቸው መርፌዎችን ተኩሶ ሰውነት ላይ ይሰካል፤ ጡንቻን ሁሉ አኮማትሮም ሰውየውን ይጥለዋል። በመሣሪያው ጫፍ ላይ እስከ 50 ሺህ ቮልት የሚደርስ ሲሆን አንድ ጊዜ ሲተኮስ በተለመደው አሠራር ለ5 ሴኮንድ ይቆያል። ያዡ ከፈለገ ግን ደጋግሞ ወይም አራዝሞ ሊሰጥ ይችላል።

እነዚህ መሣሪያዎች ‹‹የማይገድሉ›› እየተባሉ ይሸጣሉ። ጤነኛ ሰው አንድ ጊዜ ለአጭር ሴኮንድ ሲነካ አብዛኛውን ጊዜ አይሞትም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የልብ ሕመም ያለበት፣ ረሃብና ጥም ያደከመው፣ ቀደም ብሎ የተደበደበ፣ ታስሮ ደረቱ የተጫነ ወይም ንዝረቱ የተደጋገመበት ሰው አደጋው የተለየ ነው። ልብ ሥርዓቷን ስታ ልትቆም ትችላለች፤ ትንፋሽ ሊያጥር ይችላል፤ ሰውየው ወድቆ ጭንቅላቱ ሊመታ ይችላል። እስቲ በአንድ ወረዳ ጣቢያ ውስጥ ያለን እስረኛ አስቡት። የሚበላው ከቤት የመጣለትን ስንቅ ነው፤ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ያድራል፤ የልቡን ሁኔታ አንድም ሐኪም አይቶለት አያውቅም። አደጋው የሚበረታበት ሰው ማለት ይህ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ማሠቃየት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ስለ ፖርቱጋል በሰጠው አስተያየት የቴዘር መሣሪያ የሚያደርሰው ከባድ ሕመም የማሠቃየት ድርጊት እንደሚሆንና አንዳንድ ጊዜም ሞት ሊያስከትል እንደሚችል ገልጾ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ዘገባ ደግሞ ከ40 በሚበልጡ አገሮች በኤሌክትሪክ መሣሪያ የተፈጸመ ማሠቃየትና በደል መመዝገቡን አሳውቋል። ዕቃው ርካሽ ነው፤ በኪስ ይያዛል፤ ድምፁ ከክፍሉ አይወጣም። ለሕግ አስከባሪ የሚያጓጓው፣ ለሕግ የሚያሰጋውም በዚህ ምክንያት ነው።

የእኛው አገር መዝገብ ምን ይላል?

ይህን ጉዳይ የሌላ አገር ወሬ አድርጎ የሚያይ ሰው ካለ የአገራችንን መዝገብ ይግለጥ።

ሂዩማን ራይትስ ዎች በግንቦት 1997 ዓ.ም በኦሮሚያ ስለሚፈጸመው አፈና ባወጣው ሪፖርት በፖለቲካ አመለካከታቸው የተጠረጠሩ ገበሬዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች እየታሰሩ ይሠቃዩ እንደነበር ዘርዝሯል። ይኸው ድርጅት በጥቅምት 2006 ዓ.ም በማዕከላዊ ምርመራ ላይ ያወጣው ሪፖርት የእምነት ቃል በኃይል እንዴት ይወጣ እንደነበር አሳይቷል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በጥቅምት 2007 ዓ.ም ባወጣው ሪፖርት እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት ቢያንስ 5 ሺህ የኦሮሞ ተወላጆች መታሰራቸውን ገልጾ፣ ከተፈጸሙባቸው የማሠቃያ ዘዴዎች መካከል ድብደባን፣ በጋለ ብረት ማቃጠልንና የኤሌክትሪክ ንዝረትን ጠቅሷል። በእስር ላይ እያሉ ስለሞቱ ሰዎችም ተናግሯል። በዚያን ጊዜ የነበረው መንግሥት ሁሉንም ‹‹መሠረተ ቢስ›› ብሎ አጣጣለው።

ከዚያስ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ በሰኔ 2010 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው እስረኞች ይገረፉና በጨለማ ክፍል ይዘጉ እንደነበር አመኑ፤ ድርጊቱም ሽብር መሆኑን በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። ማዕከላዊ በዚያው ዓመት ተዘጋ። በኅዳር 2011 ዓ.ም ደግሞ በጊዜው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት አቶ ብርሃኑ ፀጋዬ በአዲስ አበባ ብቻ 7 ስውር እስር ቤቶች መገኘታቸውን አስታወቁ። በእስረኞች ላይ ከተፈጸሙት ድርጊቶች መካከልም በፒንሳ ሰውነትን መሳብንና ኤሌክትሪክ ማስነዘርን ለሕዝብ ዘረዘሩ። ትናንት መሠረተ ቢስ የተባለው ሁሉ በመንግሥት አፍ ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። መንግሥት ያመነው ስለ ቀደመው ዘመን ነበር። ኑዛዜው ሲነገር ብዙዎቻችን አልቅሰናል፤ ተስፋም አድርገናል። ጥቂት ባለሥልጣናትም ተከሰዋል። ነገር ግን ጣቢያውን የሚጠብቅ፣ መዝገቡን የሚያይ፣ ሟቹን የሚመረምር ነጻ ተቋም በየወረዳው ሳይተከል ቀረ። በሩ ላይ ያለው ሰው ተቀየረ እንጂ በሩ እንደተዘጋ ነው።

ውጤቱን እኛ ወለጋዎች በዓይናችን አይተናል። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም በቄለም ወለጋ ደምቢ ዶሎ ከተማ አንድ የ17 ዓመት ልጅ በጸጥታ ኃይሎች ተይዞ፣ በከተማው መካከል ለሕዝብ ከታየ በኋላ በአደባባይ ተገደለ። ይህን ሂዩማን ራይትስ ዎች መዝግቦታል። በእጅ የተያዘ ልጅ ነበር። ፍርድ ቤት አልቀረበም። ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም በምሥራቅ ሸዋ የከረዩ የሚችሌ ገዳ አባላት በተገደሉ ጊዜም የክልሉ ባለሥልጣናት መጀመሪያ የሰጡት ማብራሪያ ‹‹ሸኔ ነው የገደላቸው›› የሚል ነበር። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን መርምሮ ያገኘው ግን ሌላ ነው። የ14 ሰዎች ግድያ በጸጥታ አባላት ከሕግ ውጭ የተፈጸመ መሆኑን ለማመን የሚያበቃ ምክንያት እንዳለ አሳወቀ። ከውጭ መጥቶ የሚጠይቅ ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያው ማብራሪያ ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር።

‹‹ድንገተኛ ሕመም›› ማን ነው የሚጽፈው?

የመጀመሪያው ማብራሪያ ስህተት ሆኖ የሚገኘው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። ሮበርት ጄካንስኪ የሚባል ፖላንዳዊ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2007 በካናዳ የቫንኩቨር አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሞተ። እናቱን ሊያይ የመጣ፣ እንግሊዝኛ የማይችል፣ ለሰዓታት የተንገላታ መንገደኛ ነበር። ፖሊሶች በቴዘር ደጋግመው መቱት። ፖሊስ በመጀመሪያ የተናገረው ሰውየው አስቸጋሪና ተጋፊ እንደነበር ነው። በአካባቢው የነበረ አንድ መንገደኛ የቀረጸው ቪዲዮ ሲወጣ ግን የተባለውና የሆነው አልገጠመም። ብሬድዉድ የተባሉ ዳኛ የመሩት ነጻ አጣሪ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 መሣሪያውን ለመጠቀም በቂ ምክንያት እንዳልነበረ ወሰነ፤ ከፖሊሶቹም ሁለቱ በኋላ በሐሰት ምስክርነት ተፈረደባቸው።

በአሜሪካ ሮይተርስ የዜና ወኪል እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ ባደረገው ማጣራት ፖሊስ በቴዘር ከመታቸው በኋላ የሞቱ 1,005 ሰዎችን መዝግቧል። ከነዚህ በ153ቱ መሣሪያው ለሞታቸው ምክንያት ወይም አጋዥ እንደነበር በአስከሬን ምርመራ ተጽፏል። በሌሎቹ የተጻፈው ምክንያት የልብ ሕመም፣ ዕፅ ወይም ‹‹ኤክሳይትድ ዴሊሪየም›› የሚባል ነገር ነበር። ይህ የመጨረሻው በአማርኛ ቢተረጎም ‹‹የመነሣሣት እብደት›› እንደ ማለት ነው። ለብዙ ዓመታት በፖሊስ እጅ የሞተ ሰው ሁሉ መሸፈኛ ሆኖ አገለገለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የድንገተኛ ሕክምና ሐኪሞች ኮሌጅ ቃሉን ይደግፍ የነበረውን ጽሑፉን አነሣ፤ የካሊፎርኒያ ግዛትም የሞት ምክንያት ሆኖ እንዳይጻፍ በሕግ ከለከለች። የእነርሱ ‹‹ዴሊሪየም›› እና የእኛ ‹‹ድንገተኛ ሕመም›› ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም የሟቹን ሰውነት ይከስሳሉ፤ የያዘውን እጅ ነጻ ያወጣሉ።

ነገር ግን በካናዳም በአሜሪካም ቢያንስ አስከሬኑ ተመርምሮ ነበር። ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት ስላለ ጋዜጠኛው ቆጠረው፤ ዳኛውም አነበበው። አሁን ወደ ጊዳ አያና እንመለስ። ከአያና ከተማ እስከ ነቀምቴ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ። በአገራችን ለወንጀል ምርመራ የሚሆን የአስከሬን ምርመራ ለብዙ ዓመታት በዋናነት ሲሠራ የኖረው አዲስ አበባ ላይ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። ከነቀምቴ በአንገር ጉትን አልፎ ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ባለፉት ዓመታት በግጭት ምክንያት በተደጋጋሚ ተዘግቷል። ልጁ የሞተበት ገበሬ አስከሬን ጭኖ ይህን ሁሉ መንገድ በምን ገንዘብ ይሄዳል? በባህላችንስ ሟች በዕለቱ ወይም በማግስቱ አፈር ይለብሳል። ለቅሶ ደራሹ ደጅ ሞልቶ ‹‹ቆዩ፣ ይመርመርልኝ›› የሚል አባት ስንት ነው? ፖሊስም ‹‹ቶሎ ቅበሩ›› ሲል የሚቃወመው የለም። ስለዚህ በእኛ ወረዳ ‹‹ድንገተኛ ሕመም›› የሚለው ቃል የሐኪም ቃል ሳይሆን የጣቢያው ቃል ሆኖ ይቀራል። ተጠርጣሪው ራሱ ዳኛም ሐኪምም ሆነ ማለት ነው።

በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ደም ሲፈስ የጉማ ሥርዓት አለ። ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሳ ተከፍሎ፣ ሁለቱ ወገን ታርቆ በቀል ይቆማል። ይህ ሥርዓት ግን የሚጀምረው ገዳይ ወይም የገዳይ ወገን ‹‹እጃችን አለበት›› ብሎ ሲቀርብ ነው። ‹‹በድንገት ሞተ›› የተባለ ሰው ጉማ የለውም። ሽማግሌው ማንን ከማን ጋር ያስታርቃል? ያልታመነ ደም ደግሞ አይደርቅም። ታናሽ ወንድሙ ልብ ውስጥ ይገባል፤ ጫካም ያስገባል። ሰላም የሚሻ መንግሥት በቅድሚያ ማሰብ ያለበት ይህን ነው።

ቄስ ጉዲና ቱምሳን እናስታውስ። የወለጋ ልጅ፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት እኒህ አባት በሐምሌ 1971 ዓ.ም ከአዲስ አበባ መንገድ ላይ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አስከሬናቸው ተገኝቶ በክብር የተቀበረው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም ነው። 13 ዓመት ያህል ቤተሰባቸው ሲጠይቅ መልስ የሚሰጥ አልነበረም። ያን ጊዜ የጠፋው አስከሬኑ ነበር። ዛሬ አስከሬኑ ይሰጣል፤ የሞቱ ምክንያት ግን ይጠፋል። ለቤተሰብ ጥያቄው ያው ነው።

ሕጉ አለ፤ ጠያቂው የለም

ገዥው ፓርቲ ‹‹ሕግ አለን›› ይላል። እውነት ነው፣ አለ። የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትና ኢሰብዓዊ አያያዝን ይከለክላል። አንቀጽ 93 ደግሞ በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ ይህ አንቀጽ 18 እንደማይገደብ ይደነግጋል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ በማስገደድ የተገኘ ቃልም ማስረጃ እንዳይሆን ያደርጋል። አንቀጽ 21 ታሳሪ በዘመዶቹ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው እንዲጎበኝ መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 28 በማሠቃየት ወንጀል የሚመጣ ተጠያቂነት በይርጋ እንደማይታገድ ይናገራል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ተጠርጣሪን የሚደበድብ ወይም የሚያሠቃይ የመንግሥት ሠራተኛ ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት፣ ያዘዘው ኃላፊ ደግሞ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚቀጡ ያስቀምጣል። ኢትዮጵያ የፀረ ማሠቃየት ስምምነትን የተቀበለችው በ1986 ዓ.ም ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ? ሦስት ነገር ጎድሏል። አንደኛ፣ ማሠቃየት ዓለም አቀፉ ስምምነት በሚተረጉመው መንገድ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ በሕጋችን አልተጻፈም። የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ይህን በተደጋጋሚ አሳስቧል። ሁለተኛ፣ ጣቢያን የሚጎበኝ አካል በቂ አይደለም። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1224/2012 ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ እስር ቤቶችን የመጎብኘት ሥልጣን አግኝቷል፤ ይህን እናደንቃለን። ግን አንድ ኮሚሽን በአገሪቱ ያለውን እያንዳንዱን የወረዳና የቀበሌ ማቆያ በየቀኑ ሊያይ አይችልም። የኮሚሽኑ ምክረ ሐሳብም የማስገደድ ኃይል የለውም። ሦስተኛ፣ ሰው በእስር ሲሞት የሚመረምረው ያው ፖሊስ ነው። ነብር ያረደውን ፍየል ነብር ራሱ እንዲመረምር ማድረግ ማለት ነው።

የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የሉዋንዳ መመሪያ በእስር የሚከሰት ሞት ሁሉ በፍጥነት፣ በገለልተኛና በነጻ አካል እንዲጣራ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተሻሻለው የተባበሩት መንግሥታት የሚኔሶታ ፕሮቶኮልም በመንግሥት እጅ ያለ ሰው ሲሞት ማስረዳት ያለበት መንግሥት መሆኑን ያመለክታል። ለአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ የሆነች አገር እነዚህን ደንቦች በአያና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ማፈር የለባትም።

‹‹ጸጥታው እንዴት ይሁን?›› ለሚሉን

አንዳንድ ወገኖች በቅን ልቦና የሚጠይቁን ጥያቄ አለ። ‹‹አካባቢያችን በታጣቂ ተወጥሯል፤ ፖሊስ ራሱ እየተገደለ ነው፤ እናንተ ስለ እስረኛ ታወራላችሁ?›› ይሉናል። ጥያቄው ክብደት አለው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም በጎረቤታችን ኪራሙ በደረሰው ጥቃት ከ150 በላይ ሰዎች መገደላቸውንና ከዚያ በተከተለው የበቀል ጥቃትም በርካታ ሌሎች ሰዎች መሞታቸውን የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አሳውቋል። ያን ሐዘን ያየ ሰው የሕግ አስከባሪን አስፈላጊነት አይክድም። ሥራቸውን በሐቅ የሚሠሩ፣ በአነስተኛ ደመወዝ ሌሊት የሚጠብቁ የፖሊስ አባላት የእኛው ልጆች ናቸው።

መልሳችን ሦስት ነው። መጀመሪያ፣ ከታጠቀ ሰው ጋር መታገልና የታሰረን ሰው ማሠቃየት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንድ ፖሊስ ቢላዋ የያዘ ሰውን በጥይት ከመምታት ይልቅ ከሩቅ በቴዘር ቢጥለው ሕይወት ሊተርፍ ይችላል፤ ይህን አንክድም። ካቴና የገባለት፣ በር የተዘጋበት ሰው ላይ የሚለጠፍ ኤሌክትሪክ ግን ማንንም ከአደጋ አያድንም። ሁለተኛ፣ በሥቃይ የወጣ ቃል ዋጋ የለውም። የተነዘረ ሰው ያልሠራውን ይናዘዛል፤ ጎረቤቱንም ይጠቁማል። እውነተኛው ወንጀለኛ ግን ጫካው ውስጥ ይቀራል። ሦስተኛ፣ በእኛ ወረዳ ኦሮሞው ‹‹ሸኔ›› ተብሎ፣ አማራው ‹‹ፋኖ›› ተብሎ ሊያዝ ይችላል። ዛሬ ለጎረቤቱ ዝም ያለ ነገ ለራሱ የሚጮህለት ያጣል። በአንገር ሸለቆ አብሮ በቆሎና ሰሊጥ የሚያመርት ሕዝብ በዚህ ጉዳይ አንድ ድምፅ ሊኖረው ይገባል።

ፓርቲያችን የሚገባው ቃል

በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ሆነ በጨፌ ኦሮሚያ ወንበር ስናገኝ የሚከተሉትን እናቀርባለን፤ ካላገኘንም ከውጭ ሆነን እንታገልላቸዋለን።

1. ማሠቃየት በስሙ ተጠርቶ ራሱን የቻለ ወንጀል እንዲሆን የወንጀል ሕጉ ይሻሻላል። ያዘዘ፣ የፈጸመና አይቶ ዝም ያለ ኃላፊ እኩል ይጠየቃሉ።

2. በቀጥታ ሰውነት ላይ የሚለጠፍ የኤሌክትሪክ ዱላ በማናቸውም የፖሊስ ጣቢያ፣ ማረሚያ ቤትና ማቆያ እንዳይገኝ፣ ወደ አገርም እንዳይገባ ይከለከላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለማሠቃየት በሚውሉ ዕቃዎች ንግድ ላይ ሕግ አውጥቷል፤ እኛም ገዥዎች እንደመሆናችን የራሳችንን በር መዝጋት አለብን።

3. ከሩቅ የሚተኮሰው ዓይነት የሚፈቀደው ጥይት ለመተኮስ የሚያበቃ የሕይወት አደጋ ሲኖር ብቻ ይሆናል። በታሰረ ሰው፣ በሕፃን፣ በነፍሰ ጡርና በአረጋዊ ላይ ፈጽሞ አይፈቀድም። እያንዳንዱ ተኩስ በቀንና በሰዓት ይመዘገባል፤ የተመታው ሰውም ወዲያው ሐኪም ያየዋል።

4. በየጣቢያው ገጹ በቁጥር የታሰረ መዝገብ ይኖራል። ሰውየው የተያዘበት ሰዓት፣ ሲገባ የነበረበት የጤና ሁኔታ፣ የመረመረው ፖሊስ ስምና ፍርድ ቤት የቀረበበት ቀን ይጻፍበታል። ቤተሰብና ጠበቃ የራሳቸውን ሰው ገጽ የማየት መብት ይኖራቸዋል።

5. ሰው በእስር ላይ ሲሞት በ24 ሰዓት ውስጥ ለቤተሰቡ፣ ለዐቃቤ ሕግና ለሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ይነገራል። የዚያ ጣቢያ ፖሊሶች በምርመራው እጃቸውን አያስገቡም። አስከሬኑ በሐኪም ሳይመረመር አይቀበርም፤ የምርመራና የመጓጓዣ ወጪውን መንግሥት ይሸፍናል። ውጤቱም ቤተሰቡ በሚረዳው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ፣ በጽሑፍ ይሰጣል።

6. የአስከሬን ምርመራ አገልግሎት በነቀምቴ እንዲቋቋም እናደርጋለን። ከተማዋ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አላት፤ የወለጋ ዩኒቨርሲቲም ሐኪም ያሠለጥናል። የጎደለው ለዚሁ ሥራ የሚመደብ ባለሙያ፣ ማቀዝቀዣና በጀት ነው። ይህ አገልግሎት ለእስረኛ ብቻ ሳይሆን ለተደፈረችው፣ ለተመረዘውና በመኪና ለተገጨው ሁሉ ፍትሕ ይሰጣል።

7. ኢትዮጵያ የፀረ ማሠቃየት ስምምነቱን ተጨማሪ ፕሮቶኮል እንድታጸድቅና ነጻ ጎብኚዎች ወደ ማናቸውም ማቆያ ያለ ማስታወቂያ እንዲገቡ ለምክር ቤቱ ጥያቄ እናቀርባለን። በየወረዳውም የአባ ገዳዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የሴቶችና የጤና ባለሙያዎች የጉብኝት ቡድን እንዲኖር እናደርጋለን።

8. ሕገ ወጥ ትእዛዝ አልፈጽምም ያለ ፖሊስ ከሥራ እንዳይባረር፣ ደረጃውን እንዳያጣ በሕግ እንጠብቀዋለን። ደመወዙና ሥልጠናው እንዲሻሻልም እንሠራለን። ጣቱን ሳያነሣ በማስረጃ መርማሪ የሆነ ፖሊስ ለአካባቢያችን ከብዙ ጠመንጃ ይበልጣል።

ለመራጩ የምንለው

ወገኖቻችን! አባቶቻችን ሰው ሲጣላ ‹‹በሕግ አምላክ!›› ይሉ ነበር። ያን ቃል የሰማ ባለ ዱላ ክንዱን ያወርድ ነበር፤ ዱላውን ያስጣለው ጉልበት ሳይሆን ሕግን መፍራትና ማክበር ነበር። ዛሬ ያ ቃል ከጣቢያው በር ውጭ ቀርቷል። ፓርቲያችን ወደ ውስጥ ሊያስገባው ይፈልጋል።

ይህን ስናደርግ ግን ብቻችንን አንችልም። ዘመዳችሁ ሲያዝ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ። የያዘውን ክፍል ጠይቁ። 48 ሰዓት ሲሞላ ፍርድ ቤት ደጅ ተገኙ፤ ሳይቀርብ ቢቀር ለዳኛው ተናገሩ። ሐኪም እንዲያየው በጽሑፍ አመልክቱ፤ የማመልከቻውንም ግልባጭ ያዙ። አንድ ቀን ወረቀቱ ይጠየቃል። በ1997 እና በ2007 ዓ.ም የተጻፉት ምስክርነቶች በ2011 ዓ.ም እውነት ሆነው የተገኙት ያን ጊዜ ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ስለነበረ ነው።

ለምርጫ ቅስቀሳ ወደ ቀበሌያችሁ የሚመጡትን ዕጩዎች ሁሉ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ ‹‹ልጄ በጣቢያ ውስጥ ቢሞት የሞቱን ምክንያት የሚጽፈው ማን ነው?›› ‹‹ፖሊስ›› ብሎ የሚመልስላችሁን አትምረጡት። መልስ የሌለውንም አትምረጡት። ‹‹ነጻ ሐኪም፣ ነጻ መርማሪና ነጻ ዳኛ›› ብሎ፣ እንዴት እንደሚያደርገው በቁጥርና በአንቀጽ የሚያስረዳችሁን ምረጡ።

ድምፃችሁ በሕግ ጥላ ሥር ላለው ወገናችሁ ጋሻ ይሁነው!